ሰውየው የጠየቁህ ስለ ሰዓት አልነበረም

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ አባት መጥተው ‹የስኳር ኪኒኔን ማታ ማታ ብቻ ብወስደው ምን ይለዋል?› አሉኝ። ‹አይሆንም አባባ፣ የታዘዘልዎት ጠዋትና ማታ ነው› አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ሰሞኑን ከዒድ በኋላ ልጃቸው መጣች። አባቷ ወሩን ሙሉ አንድም ኪኒን አልዋጡም። ‹ልጁ ከጾም ጋር አይሆንም ብሎኛል› ይላሉ አለችኝ። እኔ ስለ ጾም አንድም ቃል አልተናገርኩም። መልሴም ስህተት አልነበረም። ሰው ለምን እንደሚጠይቀኝ ሳላውቅ እንዴት ነው የምመክረው? ‹ለምን ፈለጉት?› ስል ደግሞ የሰው ፊት ይቀየራል። ወረፋውም አያስቆምም። እርስዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አንተን የገጠመህ እኔንም ገጥሞኛል። የእኔ እንዲያውም ይብሳል። ቆይቼ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እኚህ አባት እናውራ።

እሳቸው ስለ ሰዓት አልጠየቁህም። «መጾም እችላለሁ ወይ?» ነው ያሉህ። አንተ «አይሆንም» አልካቸው። ያ «አይሆንም» ለአንተ የኪኒን ሰዓት ነው። ለእሳቸው ግን መድኃኒትና ጾም አብረው አይሄዱም ማለት ሆነ። ከሁለት አንዱን ምረጡ የተባሉ መሰላቸው። መረጡ። አንድ የወሎ አባት በረመዳን ዋዜማ ከጾሙና ከኪኒኑ ምረጥ ቢባል የትኛውን እንደሚተው እኔም አንተም እናውቃለን።

የሚያንገበግበው መልሱ እጅህ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ጠዋትና ማታ የታዘዘላቸው ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነበር። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። የማታው ኪኒን ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር ይሆናል። የጠዋቱ ወደ ሱሁር፣ ከንጋት በፊት ወደሚበላው ምግብ፣ ይዞራል። ሁለቴ የነበረው ሁለቴ ሆኖ ይቀጥላል። ከማፍጠሪያው እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውኃ በደንብ ይጠጡ ትላቸዋለህ። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች አገር ናት፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። አለቀ።

መድኃኒታቸው ግሊበንክላማይድ ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ይለወጣል። እሱ ሆድ ባዶ ሲሆንም ስኳር ማውረዱን አያቆምም። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ለሚውሉ ሰው አደገኛ ነው። መጠኑን ሐኪም ጾሙ ሳይገባ ማስተካከል አለበት። ኢንሱሊን ከሆነማ ያለ ሐኪም አንድ እርምጃም አይሄድም። በጾም ላይ ሳሉ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ያን ቀን ማፍጠር ግድ ነው። ሃይማኖቱ ራሱ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲያወጣ ይፈቅዳል። የዚያ ፍርድ ግን የአንተ አይደለም፣ የኢማማቸው ነው። የአንተ ድርሻ «የእርስዎ መድኃኒት ይሄ ነው፣ ሲጾሙ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ መንገር ነው።

አየህ? ያችው አንዲት ጥያቄ ሦስት አራት መልስ አላት። ያንኑ ጥያቄ ሁዳዴ ላይ አንዲት እናት ቢጠይቁህ ደግሞ ሰዓቱ ሌላ ነው። 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ አሉ፤ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። እኛ አገር ጥያቄው ከሁለቱም ወገን ይመጣል። አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ይገጥማሉ፤ ያኔ በአንድ ወረፋ ላይ ሁለቱም ይቆማሉ። ትክክለኛውን መልስ የሚመርጥልህ ምክንያቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን አልነገሩህም? እኔ ለዚህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

አንደኛ፣ ሰው የሚፈራውን መልስ አስቀድሞ ያውቀዋል። «ሐኪም ጾም ይከለክላል» በየሰፈሩ የሚባል ነገር ነው። ስለዚህ ጾም የሚለውን ቃል ካነሱ «አይቻልም» እንደምትል ወስነው ነው የመጡት። ጾሙን ቤታቸው ትተው ሰዓቱን ብቻ ይዘው መጡ። እኚህ አባት ሊዋሹህ አልፈለጉም። እንቢ ሳይባሉ ፈቃድ ማግኘት ነው የፈለጉት። አንተ እሺ ብትል ደስ ብሏቸው ይጾሙ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከኋላቸው ሰው አለ። ከተሞቻችን ሰፊ ቢመስሉም ሰዉ ይተዋወቃል። ባንኮኒህ ፊት የሚነገር ነገር ሁሉ ከምሽቱ በፊት ጎረቤት ጋ ይደርሳል። ስኳር እንዳለባቸው ጎረቤት አያውቅ ይሆናል። ልጃቸው የምትዳርበት ወር ይሆናል። ምኑን ታውቃለህ?

ሦስተኛው ደግሞ ፍርሃትም ይሉኝታም አይደለም። ምክንያቱ ከመድኃኒቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሰውየው አያውቅም። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መጣ። «የጉንፋን ኪኒን ስጪኝ፣ ጠንከር ያለውን» አለኝ። ክሎርፌኒራሚን ያለበትን አነሳሁ። «ይሄ እንቅልፍ ያመጣል፤ ማታ ብትወስደው ነው የሚሻለው» አልኩት። «እኔ እኮ ማታ ነው የምነዳው፤ ዛሬ ሚሌ ነው የማድረው» አለ። የሐረጎን ጥምዝምዝ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የባቲን ቁልቁለት በጨለማ ሊወርድ ነው። «ማታ ውሰደው» የሚለው የተለመደ ምክር ለእሱ ገደል ነበር። ያን ቀን ያዳነን ንግግሩን ሳላቋርጠው መቅረቴ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ለምን» እንምጣ። የሰው ፊት ይቀየራል ያልከው እውነት ነው። ጥፋቱ የቃሉ ነው። እናታችን «ለምን ሰበርከው?» ስትል ምክንያት እየጠየቀች አይደለም። አስተማሪም፣ አለቃም፣ ፖሊስም «ለምን» ሲል ተግሣጽ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ «ለምን» የሰማነው ጥፋት ስንሠራ ነው። ስለዚህ በባንኮኒ ላይ «ለምን ፈለጉት?» ስትል ሰው የሚሰማው «መፈለግ አልነበረብዎትም» ነው። ወይ ይከላከላል፣ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሌላ መድኃኒት ቤት ይሄዳል።

እኔ ቃሉን ከአፌ አውጥቼ ጣልኩት። በምትኩ «ለማን ነው?» እላለሁ። «አሁን ምን እያስቸገረዎት ነው?» እላለሁ። «እንዴት ሊወስዱት አስበው ነው?» እላለሁ። ሦስቱም ምክንያቱን ያመጣሉ። አንዳቸውም አይወቅሱም።

ነገሩ የሚያሳፍር ወይም የሚፈራ ሲሆን ደግሞ ከጥያቄው በፊት ምክንያቱን ራሴ አነሳዋለሁ። ለእኚያ አባት ቢሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ሰሞኑን ብዙ ሰው ለጾሙ ብሎ የኪኒን ሰዓት መቀየር ይፈልጋል፤ ይቻላልም፤ እንደ መድኃኒቱ ነው። እርስዎም ለዚያ ነው አባባ?» ከዚያ በኋላ እሳቸው የሚጠበቅባቸው «አዎ» ማለት ብቻ ነው። ከባዱን ቃል አንተ ተሸከምክላቸው። «ይቻላል» የሚለውንም አስቀድመህ አሰማሃቸው። ከኋላ የቆመው ሰው ቢሰማም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ምንም አይደል።

ሌላው ሰላምታ ነው። እኛ ወረፋ ሲበዛ መጀመሪያ የምንቆርጠው እሱን ነው። እኔ ደግሞ መጨረሻ ላይ እንኳ አልቆርጠውም። በእኛ አገር ሰላምታ «እንዴት አደሩ» ተብሎ አያበቃም። ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያ መሃል ነው። አንዲት እናት «ኧረ አልሐምዱሊላህ ሁሉም ደህና ነው፤ ይቺ ትንሿ ብቻ ናት ሌሊቱን ያልተኛች» ብለው ዞረው ለራሳቸው የራስ ምታት ኪኒን ይጠይቁሃል። ኪኒኑ ለማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ሊሰበር እንደሆነ አሁን ማጣራት ትችላለህ። ሰላምታውን ብትዘለው በምን ታውቅ ነበር?

የእኔን ልንገርህ አልኩ።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ነው። ሰኞ ነበር። የሰኞ ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው መድኃኒቱንም አብሮ ሸምቶ ነው የሚመለስ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከወረፋው ደረሰች። ሆዷ ገፍቷል። ሻሿን እያስተካከለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ኪኒን ሰገራ ያጠቁራል እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ሆዷን አየሁ። ነፍሰ ጡር ናት፣ የብረት ኪኒን ተሰጥቷታል፣ ሰገራዋ ጠቁሮ ደንግጣለች። በሐሳቤ ሁሉንም ጨረስኩት። «አዎ ያጠቁራል፣ የተለመደ ነው፣ አብሽሪ» አልኳት። ፊቷ ፈካ። ከቡና ጋር እንዳትወስደው ብዬ እንኳ መከርኳት። ቡና ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋላ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። የምትሰማኝ ሴት ግን ስለ ሌላ ሰው ነበር የጠየቀችኝ።

ኪኒኑን የሚወስደው ባሏ ነው። ሸክም ይሠራል። ወገቡን አሞት ዳይክሎፌናክ በላይ በላዩ ይውጣል። እንዲህ ያለ ማስታገሻ ሲበዛ ጨጓራን ያደማል። ጨጓራ ውስጥ የፈሰሰ ደም ደግሞ ሲወጣ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። እሷ ያየችው ያንን ነው። የፈራችው ያንን ነው። የመጣችው ፍርሃቷ ልክ ስለነበር ነው። እኔ ፍርሃቷን ወስጄ በባዶ እጇ ሸኘኋት።

በሳምንቱ ሰውየው ራሱን ስቶ ወደቀ። ሆስፒታል ደም ተሰጥቶት ተረፈ። እሷ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ልትገዛ መጣች። አልጮኸችም። «አብሽሪ ብለሽኝ ነበር እኮ» አለችኝ፣ ያችኑ ብቻ። እኔ ይህን ስጽፍልህ አሁንም ድምፅዋ ይሰማኛል።

«ለማን ነው?» ብላት ኖሮ ሁለት ቃል ነው። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ሲመጣ ነው ይበልጥ የምጠነቀቀው። ከባድ ጥያቄ ሲሆን ሁላችንም እንጠይቃለን። መልሱን ወዲያው ያወቅነው ሲመስለን ነው የምንስተው።

ወረፋውን አውቀዋለሁ። እኛም ጋ ሰው እስከ በሩ ይሰለፋል። ግን አንድ ነገር ስማኝ። በፈረንጆቹ 1984 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ሐኪምና ታካሚ ሲነጋገሩ በቴፕ ቀድተው አዳመጡ። ታካሚው ችግሩን መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ሐኪሙ ያቋርጠው ነበር። በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሐኪሞች ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ተደረገ። ታካሚዎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ የወሰደባቸው በአማካይ 92 ሰከንድ ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል። እኛ የምንፈራው ሰው ከጀመረ እስከ ማታ አያቆምም ብለን ነው። ያቆማል። ያውም ይህ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው፤ በባንኮኒ ላይ ከዚህም ያጥራል።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ሰውየው ጥያቄውን እንደጨረሰ ወደ መደርደሪያው አልዞርም። ጀርባህን ስትሰጠው ወሬው አለቀ ማለት ነው። ባለሁበት ቆሜ በልቤ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ላይ ስደርስ «ማለቴ…» ይላል። ያች «ማለቴ» ከመጣች እውነተኛው ጥያቄ መጣ። አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፌስታሉን ይዞ፣ በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል። «ለመሆኑ ይሄ ነገር…» ይላል። ያን ጊዜ ሌላ ደንበኛ እያስተናገድክ ቢሆንም አቁመህ ስማው። ለዚያ ነው የመጣው።

የሐኪም ማዘዣ ይዘው ለሚመጡ ሌላም መንገድ አለ። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን የሚያገለግለው የመንግሥት የጤና ተቋም ፋርማሲስቶች ያስለመዷቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ምን ብሎ ነገረዎት? እንዴት ይውሰዱ አለዎት? ከወሰዱት በኋላ ምን ይጠብቁ አለዎት? ወደ እኛ አማርኛ ሳመጣቸው በጣም ይመቹኛል። የሚጠየቀው ሐኪሙ ስላለው ነገር ስለሆነ ሰውየው አይሸማቀቅም። «ምንም አላለኝም» ማለትም ይችላል። ብዙዎቹ የሚሉትም እሱን ነው።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ምክንያቱን ማወቅ አለብህ ስልህ የሰውን ጓዳ ግባ ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴን የማስርበት አንድ ነገር አለኝ፦ መልሴን የማይቀይር ነገር አልጠይቅም። አንዲት ልጅ አጎንብሳ ፖስትፒል፣ ያንን የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ ብትጠይቅህ ከማን ጋር፣ እንዴት፣ ባል አለሽ ወይ አያገባህም። መልስህን የሚቀይረው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሰዓት ሆነው? እስከ 72 ሰዓት ይወሰዳል፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። እሱን ብቻ በዝግታ ትጠይቃለህ። ኪኒኑን ስትሰጣት «ሌላ የምትጠይቂኝ ነገር ካለ ሁሌም እዚህ ነኝ» ትላታለህ። ተገዳ ከሆነ፣ የምትነግረው ሰው ካጣች፣ በሩን ክፍት አየችው። ገብታ መናገር የእሷ ውሳኔ ነው። ለማወቅ ጓጉተን የምንጠይቀው ጥያቄ ሰውን ያርቃል። እንዲህ ያለች ልጅ አንዴ ከተሸማቀቀች ሁለተኛ አትመጣም፤ ከመንደር ሰው ጠይቃ ያገኘችውን ትወስዳለች።

አንድ ጥያቄ ግን አለ፣ ሁሌም፣ ምንም ወረፋ ቢኖር ቆም የምልበት። «ይሄ ኪኒን ስንት ቢወሰድ ይጎዳል?» የሚለው። ቁጥር አልናገርም። መጀመሪያ «የዋጠ ሰው አለ እንዴ?» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ቤቷ ልጅ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ጠጥቶባት የመጣች እናት ናት። ልጁ ሲጫወት ስላየችው ተጽናንታለች። እዚህ ላይ መዘናጋት አይገባም። ፓራሲታሞል ከመጠን ካለፈ ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል። ጉበት የሚጎዳው ዘግይቶ ነው። ማርከሻው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ሲጀመር ነው በደንብ የሚይዘው። ጠርሙሱን ይዛ አሁኑኑ ሆስፒታል፣ ቤት ሳትመለስ።

አንዳንዴ ግን የዋጠ ሰው የለም። የሚጠይቅህ ሰው ዓይንህን አያይህም። ያን ጊዜ ወደ ጎን ይዘኸው ውጣ፣ ሌላ ሰው እንዲያስተናግድ ለባልደረባህ ተውለት። «ራስህን ለመጉዳት እያሰብክ ነው ወይ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። ብዙዎቻችን ይህን መጠየቅ ሐሳቡን የሚያመጣበት ይመስለናል። አያመጣበትም። ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። የሚያስበው ሰው ሲጠየቅ እፎይ ይላል፤ የማያስበው ደግሞ «ኧረ በፍጹም» ይልሃል። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው። የሚያምነውን ሰው አስጠርተህ ወደ ሆስፒታል አብራችሁ ሂዱ። እዚህ ላይ ምክር ማብዛት አያስፈልግም። አብሮ መቆም ነው የሚያስፈልገው።

ስልክ ላይ ስላለው ጥያቄ አልጠየቅኸኝም፤ ግን እናንተም ጋ መደወሉ አይቀርምና ላንሳው። ከእኛ አካባቢ ብዙ ልጆች ዓረብ አገር ናቸው። ማታ ይደውላሉ። አንዷ «ለደም ግፊት አንደኛ የሚባለው መድኃኒት የቱ ነው? ከዚህ ገዝቼ ለእናቴ ልላክ» አለችኝ። ስም ብነግራት ኖሮ ትልክ ነበር። እናትየዋ የያዙት ላይ ሌላ ይደርቡ ነበር። ግፊታቸው ወርዶ ይወድቁ ነበር።

«እማማ ምን አሉሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰች። እናቷ በስልክ «ኪኒኔ አልቋል፤ አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» ብለዋታል። «አብሽሪ» ሲሉ ደህና እንዳልሆኑ ልጅ ታውቃለች። የእናትየዋ መድኃኒት አምሎዲፒን ነበር፤ እዚሁ የሚገኝ ነው። ለምን እንዳልገዙት ስናጣራ የጤና መድን መታወቂያቸው ዓመታዊ መዋጮው ስላልተከፈለ አልታደሰም። ልጅቷ መላክ የነበረባት የዚያን ነው። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ብቻ ብመልስላት ኖሮ ግን ገንዘቧም ይባክን፣ እናቷም ይጎዱ ነበር።

አሁን ወደ እኚያ አባት ልመልስህ፤ ነገሩ ገና አላለቀም። ወር ሙሉ ያለ መድኃኒት ቆይተዋል። ልጃቸው መድኃኒት ቤትህ ድረስ መጥታ የነገረችህ ልትወቅስህ ብቻ አይመስለኝም። መፍትሔ ፈልጋ ነው። ደውልላት ወይም በሰው ላክባት፤ አባቷን ይዛቸው ትምጣ። ስኳራቸውን ለካላቸው። ብዙ ከፍ ብሎ ካገኘኸው ዛሬውኑ ወደሚከታተላቸው ሐኪም ይሂዱ፤ ባይሆንም በዚህ ሳምንት ይታዩ።

ሲመጡ «ለምን አልወሰዱም?» እንዳትላቸው። ወንበር አውጣላቸው። ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ተቀበል። ከዚያ «አባባ፣ ያን ቀን ጥያቄዎን በደንብ ሳልሰማ ነው የመለስኩልዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» በላቸው። እንዲህ ስትላቸው ጥፋቱን ከእሳቸው ላይ ታነሳለህ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ይነግሩሃል።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውል። ከዒድ በኋላ ስድስቱን የሸዋል ቀኖች የሚጾም ሰው ብዙ ነው። እኚህ አባት ረመዳንን በስኳር ሕመም ጨርሰው ስድስቱንም ሊቀጥሉ ይችላሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመደርደሪያው ሳታወርድ፣ ስለ ጠዋትና ስለ ማታ ሳታነሳ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው ይሄን ነው፦ «አባባ፣ ዛሬስ ጾመኛ ነዎት?»